ኮምፒውተር ሲነሳ የተመሰጠረ ፎልደር ሳይጠበቅ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፦ ጠያቂውን ፈልጎ የማግኘት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው የቡና ወቅት በጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ የአንድ ቡና አቅራቢ ቢሮ ተደውሎልኝ ሄድኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርታ ዴስክቶፑ ገና ከመታየቱ አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ ይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። የራሷን ብትጽፍ አይቀበላትም። ካንስል ስትለው ሁለተኛ መስኮት ይከተላል፤ እሱንም ስትዘጋ ኤክሴል በራሱ ተነስቶ ፋይሉን አላገኘሁትም ይላታል። «ሁለት ወር ሙሉ ካንስል፣ ካንስል እያልኩ ነው ሥራ የምጀምረው፤ ቫይረስ መስሎኝ ፍላሽ መሰካት ሁሉ ትቻለሁ» አለችኝ። ቫይረስ አልነበረም። ሦስት የተለያዩ ጠያቂዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አንድ ጊዜ ሰው አስቦበት የሰጣቸው፣ በኋላ ግን የተረሱ ትእዛዞች ነበሩ።

የተመሰጠረ ፎልደር በራሱ ተነስቶ ማንንም አይጠይቅም፤ አንድ ፕሮግራም ሊከፍተው እስኪሞክር ድረስ ዝም ብሎ ዲስኩ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ሳይጠሩት ሲመጣ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት የይለፍ ቃሉ ሳይሆን ሊከፍት የሞከረው ማን እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ብዙው ክፍል ዊንዶውስ 10 እና 11ን እንዲሁም ፎልደርንና ዲስክን የሚመሰጥረውን ቬራክሪፕትን የሚመለከት ነው፤ ምክንያቱም በአካባቢያችን ቢሮዎች የማገኘው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ቢትሎከርን (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የዲስክ ምስጠራ) እና ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን የሊኑክስ ሲስተም) ለሚጠቀሙም በየቦታቸው የሚበቃውን ያህል ጽፌያለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ አይጻፉ፣ ያንብቡ

ማን እንደሚጠይቅ ሳያውቁ የይለፍ ቃል አይጻፉ። መስኮቱ ሲመጣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው መቼ እንደመጣ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ከመታየቱ በፊት፣ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ገጽ ላይ ከመጣ፣ የሚጠይቀው መላው ዲስክ ነው፤ ጉዳዩ የፎልደር አይደለም። ወደ ዊንዶውስ ከገቡ በኋላ ከመጣ ግን ከእርስዎ ጋር አብሮ የተነሳ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሲነቃ ብቻ የሚመጣም አለ፤ እሱ የራሱ ምክንያት ስላለው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የመስኮቱ ርዕስ ነው። ቬራክሪፕት አንድን የተወሰነ ፋይል ለመክፈት ሲጠይቅ የፋይሉን አድራሻ ወይም የተሰጠውን ስም ከላይ ይጽፋል። ይህን ጽሑፍ አብዛኛው ሰው አያነበውም፤ መልሱ ግን ግማሹ እዚያው ተጽፏል። በመርካቶው ቢሮ የመጀመሪያው መስኮት ርዕስ ላይ የነበረው የፋይል አድራሻ የቀድሞውን የሒሳብ ሠራተኛ ስም የያዘ ነበር። የአሁኗ ሠራተኛ የራሷን የይለፍ ቃል ስትጽፍ የነበረው እሷ ባልፈጠረችው ፋይል ላይ ነው፤ መቼም ሊቀበላት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው የመስኮቱ ባለቤት የሆነው ፕሮግራም ነው። መስኮቱ እንደተከፈተ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከዝርዝሩ ውስጥ የተጠረጠረውን ፕሮግራም ራይት ክሊክ አድርገው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» የሚለውን ይምረጡ። የሚከፈተው ቦታ ፕሮግራም ፋይልስ ወይም የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ከሆነ በአብዛኛው የሚታወቅ ፕሮግራም ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ ወይም ጊዜያዊ ፋይሎች በሚቀመጡበት ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ግን እዚያው ያቁሙ፤ ኢንተርኔቱን ይንቀሉና በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ያለውን «ኦፍላይን ስካን» ያስኪዱ። የይለፍ ቃል ለመስረቅ የተሠራ አስመሳይ መስኮት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም አለ፤ እሱን የሚለይልዎትም ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። አንድ ሙሉ ዲስክ ወይም ክፍልፋይ (ፓርቲሽን የሚባለው የዲስክ ክፍል) በቬራክሪፕት ከተመሰጠረ ዊንዶውስ ይዘቱን ማንበብ ስለማይችል «ከመጠቀምዎ በፊት ዲስኩን ፎርማት ያድርጉ» የሚል መስኮት ሊያመጣ ይችላል። ይህ የይለፍ ቃል ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ሁልጊዜ ካንስል ነው። በስህተት እሺ ተብሎ የጠፋ የሦስት ዓመት መዝገብ አይቻለሁ። መስኮቱ ዳግመኛ እንዳይመጣ ከፈለጉ በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ክፍልፋዩን ራይት ክሊክ አድርገው የተሰጠውን የድራይቭ ፊደል ብቻ ያንሱ። ይዘቱ አይነካም፤ ቬራክሪፕትም ያለ ፊደሉ ያገኘዋል።

ማስተካከል ከመጀመርዎ በፊት

ፎልደሩ አሁን የሚከፈት ከሆነ ክፍት እያለ ይዘቱን ወደ ሌላ የተመሰጠረ ቦታ ይገልብጡ። ቀጥሎም በቬራክሪፕት «ቱልስ» ዝርዝር ውስጥ «ባካፕ ቮልዩም ሄደር» የሚለውን ተጠቅመው የራስጌውን ቅጂ በፍላሽ ያስቀምጡ። ራስጌው የፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለ ትንሽ ክፍል ሲሆን ይዘቱን የሚፈታው ዋና ቁልፍ በይለፍ ቃልዎ ተቆልፎ የሚቀመጠው በእሱ ውስጥ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው የይለፍ ቃል እንኳ አይሠራም። የቢትሎከር ተጠቃሚ ከሆኑ ደግሞ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን (ዲስኩ ሲቆለፍ የሚከፍተውን ረጅም ቁጥር) አሁኑኑ ያትሙና ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚቀመጥ መዝገብ ውስጥ ያኑሩት። ቁልፉን እዚያው በተቆለፈው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠ ሰው አጋጥሞኛል፤ ምን እንዳልኩት ባልጽፈው ይሻላል።

ቬራክሪፕት ራሱ ሲጠይቅ

ቬራክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በ2014 ድጋፉ ከተቋረጠው ትሩክሪፕት የተገኘ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሰው ሳያዝዘው ሲነሳ ምክንያቱ ከሚከተሉት በአንዱ ነው።

በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ይክፈቱና «ፌቨሪትስ» ከሚለው ዝርዝር «ኦርጋናይዝ ፌቨሪት ቮልዩምስ» የሚለውን ይምረጡ። የሚመጣው ሠንጠረዥ ቬራክሪፕት በቋሚነት እንዲያስታውሳቸው የተነገሩትን ፋይሎችና ዲስኮች ይዘረዝራል። እያንዳንዱን በተራ ሲጫኑ ከታች ያሉት ሳጥኖች ይለዋወጣሉ። «ማውንት ሰሌክትድ ቮልዩም አፖን ሎጎን» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት ዊንዶውስ በተከፈተ ቁጥር የሚጠይቀው ይህ ነው። ከእሱ ጋር ያለው ሌላ ሳጥን ዲስኩ ወይም ፍላሹ በተሰካ ቁጥር እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ ፍላሹ ተሰክቶ ካደረ ደግሞ የጠዋቱ ጥያቄ ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። የማያስፈልግዎትን ምልክት ያንሱ፤ ፋይሉን ጨርሶ የማይጠቀሙበት ከሆነ «ሪሙቭ» ብለው ከዝርዝሩ ያስወጡት። ይህ ከዝርዝሩ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ፋይሉ ካለበት ቦታ አይጠፋም።

ቀጥለው «ሴቲንግስ» ከዚያም «ፕረፈረንስስ» ይግቡ። ወደ ዊንዶውስ ሲገባ የሚደረጉትን ነገሮች በሚዘረዝረው ክፍል ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ ቬራክሪፕት ከጀርባ ተነስቶ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ሲሆን እሱ ብቻውን የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ሁለተኛው «ማውንት ኦል ዲቫይስ ሆስትድ ቬራክሪፕት ቮልዩምስ» የሚለው ነው፤ ይህ ሲበራ ፕሮግራሙ የትኛው ዲስክ እንደተመሰጠረ ሳያውቅ አንድ የይለፍ ቃል ተቀብሎ በተሰኩት ዲስኮችና ክፍልፋዮች ሁሉ ላይ ይሞክራል። በመርካቶው ቢሮ ሁለተኛው መስኮት ይህ ነበር። የአንድን ፋይል ስም ለይቶ የማይጠራ መስኮት ሲያዩ መጀመሪያ ይህን ሳጥን ይጠርጥሩ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድም የተመሰጠረ ዲስክ ስላልነበረ ሳጥኑ የበራው ምናልባት በስህተት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ በራስ-ሰር መዝጊያ የሚባለው ክፍልም አለ። ኮምፒውተሩ ሲተኛ የተከፈቱት ሁሉ እንዲዘጉ ከታዘዘ፣ ሲነቃ ፎልደሩ ዝግ ሆኖ ይገኛል፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ ፋይል ከፍቶ የነበረ ፕሮግራምም ግራ ይጋባል። ይህ ቅንብር ጥሩ ስለሆነ እንዳያጠፉት እመክራለሁ። ላፕቶፕ ይዘው ከአጋሮ ጅማ በሚኒባስ ለሚመላለሱ ሰዎች በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ተኝቶ የተሰረቀ ላፕቶፕ ፎልደሩ ክፍት እንደሆነ ቢሰረቅ ምስጠራው ከንቱ ይሆናልና። ይህን የመሰለ ጥያቄ ችግር ሳይሆን ጥበቃው መሥራቱን የሚያሳይ ነው፤ የሚፈለገው ከማስተኛትዎ በፊት ፋይሎቹን አስቀምጦ መዝጋት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የይለፍ ቃሉን በማኅደረ ትውስታ እንዲይዝ የሚያደርገውን ምርጫ ጥያቄውን ለመቀነስ ብለው አያብሩት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የያዘው ስለሚጠፋ የጠዋቱን ጥያቄ አያስቀርም፤ ቀን ሙሉ ግን ቁልፉን ክፍት ያደርጋል።

ቬራክሪፕት ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም በሩን ሲያንኳኳ

ሰዎች ብዙ የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። ቬራክሪፕት ጨርሶ ጸጥ ብሎ እያለ፣ ሌላ ፕሮግራም በተመሰጠረው ድራይቭ (ቬራክሪፕት ፎልደሩን ሲከፍት የሚያሳየው እንደ አንድ ድራይቭ ነው) ውስጥ ያለ ፋይል ፈልጎ ይነሳል፤ ድራይቩ ዝግ ስለሆነ ያጣዋል፤ ከዚያም ወይ ስህተት ያሳያል ወይ እርስዎን እንዲከፍቱ ያስገድዳል።

ከታስክ ማናጀር ይጀምሩ። ስታርትአፕ የሚለው ክፍል ከእርስዎ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ያሳያል፤ የማይፈልጉትን ራይት ክሊክ አድርገው «ዲሴብል» ማለት ይበቃል፤ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር ይጫኑና በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደላት «ሼል» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አስከትለው፣ ክፍተት ሳይተዉ «ስታርትአፕ» ብለው ይጻፉ። የሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ያለ ማንኛውም አቋራጭ በገቡ ቁጥር ይነሳል። የመርካቶው ሦስተኛ ጠያቂ የተገኘው እዚህ ነው፦ ወደ «ኤች» ድራይቭ የሚያመለክት፣ የቀን የቡና ርክክብ መመዝገቢያ የሆነ የኤክሴል አቋራጭ። የቀድሞው ሠራተኛ ጠዋት በመጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ስለነበር ድካሙን ለመቀነስ እዚያ አስቀምጦታል። የመጀመሪያውም መስኮት ያንኑ ድራይቭ ለመክፈት የተዘጋጀ ነበር። ሰውዬው በነበረበት ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው በሚያምር ሁኔታ ይሠሩ ነበር፤ እሱ ሲሄድ የይለፍ ቃሉ አብሮት ሄደ፣ ትእዛዞቹ ቀሩ።

እዚህም ካላገኙ ታስክ ስኬጁለርን ይክፈቱና በዝርዝሩ ውስጥ መነሻቸው «አት ሎግ ኦን» የሆኑትን ይፈልጉ፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስዱ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ትእዛዛቸውን የሚያስቀምጡት እዚህ ነው። ከሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» ሲገቡ ደግሞ ሲዘጋ ክፍት የነበሩትን ፕሮግራሞች ዳግም ሲገቡ እንዲያስነሳ የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ ያጥፉት። በፋይል ኤክስፕሎረር አማራጮች ውስጥ፣ «ቪው» በሚለው ክፍል፣ ቀድሞ የተከፈቱ ፎልደሮችን ሲገቡ መልሶ እንዲከፍት የሚያደርግ ሳጥንም አለ፤ እሱም እንዲሁ።

የሒሳብ ፕሮግራሞችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የፒችትሪ ተጠቃሚዎች፣ ማለትም ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከዓመታት በኋላም እኛ ፒችትሪ የምንለውን የሚጠቀሙ ሁሉ፣ የድርጅቱን መረጃ በተመሰጠረ ድራይቭ ላይ ማስቀመጣቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ድርጅት አድራሻ ስለሚያስታውስ፣ ድራይቩ ከመከፈቱ በፊት ከተነሳ መረጃውን አያገኝም። ድራይቩ በሌላ ፊደል ከተከፈተም እንዲሁ ነው፤ ለቬራክሪፕት ፋይል ሁልጊዜ አንድ ፊደል ይመድቡለት፣ ፍላሽና ስልክ ሲሰኩ የሚይዟቸው ፊደላት ላይ እንዳይጋጭም ወደ መጨረሻዎቹ ፊደላት ይሂዱ።

ትክክለኛው የይለፍ ቃል ሳይቀበል ሲቀር

ጠያቂው ታውቆ፣ ፎልደሩም የእርስዎ ሆኖ፣ ቃሉን ግን አልቀበልም ካለ፣ መጀመሪያ የቁልፍ ሰሌዳውን ይመልከቱ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየተቀያየሩ የሚጽፉ ሰዎች ላይ ይህ ከሁሉም የበለጠ የተለመደ ስህተት ነው። የይለፍ ቃሉ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን የገባው ፊደል አይታይም። የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም በርቶ ከቀረ ሁለት ቁልፍ ተጭነው አንድ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነጠብጣቦቹን ይቁጠሩ፦ አሥር ቁልፍ ተጭነው ሰባት ነጠብጣብ ካዩ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። በዙሪያዎ ሰው ከሌለ ቬራክሪፕት መስኮት ላይ «ዲስፕሌይ ፓስወርድ» የሚለውን ሳጥን አብርተው የሚጽፉትን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ካፕስ ሎክንም አይርሱ።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፒም የሚባለው ቁጥር ነው። ፒም የይለፍ ቃሉ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚሰላ የሚወስን ሲሆን ምንም ካልተሰጠ ሲስተም ላልሆነ ፎልደር በተለመደው ስሌት 500,000 ጊዜ ነው። ፎልደሩ ሲፈጠር የራስዎን ቁጥር ሰጥተው ከነበረ፣ አሁን «ዩዝ ፒም» የሚለውን ሳጥን አብርተው ያንኑ ቁጥር ካልጻፉ ትክክለኛው የይለፍ ቃል ስህተት ተብሎ ይመለሳል። የቁልፍ ፋይል (ከይለፍ ቃሉ ጋር አብሮ እንደ ቁልፍ የሚሰጥ ፋይል) ተጠቅመው ከነበረም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው፤ ያ ፋይል አንድ ፎቶ ከነበረና ፎቶው በኋላ ተከርክሞ ከተቀመጠ ከእንግዲህ ቁልፍ አይሆንም።

ፎልደሩ የቆየ ከሆነና ችግሩ የጀመረው ቬራክሪፕትን ካደሱ በኋላ ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት እትሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው እትም 1.26.7 ላይ የትሩክሪፕት ፋይሎችን የመክፈት ችሎታ ተወግዷል። በትሩክሪፕት የተፈጠረ ፎልደር ያለው ሰው እትም 1.25.9ን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ፎልደሩን ከፍቶ፣ ይዘቱን ወደ አዲስ ፎልደር መገልበጥ ይኖርበታል።

በመጨረሻ የሚጠረጠረው የራስጌው መበላሸት ነው። ጅማ የዝናቡ ወራት ብዙ ናቸው፤ መብራትም በነጎድጓድ መሐል ሳይታሰብ ይሄዳል፤ ፎልደሩ ክፍት እያለ ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በውስጡ ያሉት ፋይሎች ናቸው፣ አልፎ አልፎ ግን ራስጌውም ይነካል። ቬራክሪፕት የራስጌውን ተጠባባቂ ቅጂ በራሱ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። «ቱልስ» ውስጥ «ሪስቶር ቮልዩም ሄደር» ብለው በውስጡ ያለውን ቅጂ ይምረጡ። ከዚህ በፊት ግን ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡና ሙከራውን በግልባጩ ላይ ያድርጉ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ሳይኖር የተመሰጠረ ፎልደር ከፍቶ ቀን ሙሉ መሥራት በእኔ አስተያየት ዕዳ ነው።

ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ

ሙሉ ሲስተሙን በቬራክሪፕት የመሰጠረ ሰው የይለፍ ቃሉን ከጻፈ በኋላ ፒም የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ብዙዎች ይህን ሌላ የይለፍ ቃል ይመስላቸዋል። የራስዎ ቁጥር ከሌለዎት ባዶውን ትተው ኢንተር ይጫኑ። እዚህ ላይ የሚሠራው የእንግሊዝኛ ቁልፍ ሰሌዳ ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ።

ሰማያዊ ገጽ ላይ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከተጠየቁ ግን ቢትሎከር ነው። ቁልፉ 48 አሃዝ ሲሆን ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት ቡድን ይጻፋል። «ቢትሎከር አብርቼ አላውቅም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ምስጠራው በራሱ ይበራል፤ ቁልፉም በዚያው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። በስልክዎ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው ከተመዘገቡት ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የመልሶ ማግኛ ቁልፎችን ይፈልጉ፤ ብዙ ቁልፎች ካሉ በሰማያዊው ገጽ ላይ የተጻፈው መለያ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ያነጻጽሩ። ላፕቶፑን ያዘጋጀልዎት ሻጩ ከሆነ ቁልፉ በሻጩ አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእኛ ከተማ ሲያጋጥም ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ቢትሎከር እንዲህ የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያየው ነገር ከትናንቱ ሲለይ ነው። የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) እድሳት፣ የሲኪዩር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም ሲነሳ የሚከለክለው የባዮስ ጥበቃ) መቀየር፣ የማዘርቦርድ ጥገና ሁሉ ምክንያት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ እድሳትም አንዳንድ ኮምፒውተሮችን ወደዚህ ገጽ አስገብቶ በቀጣዩ ወር በወጣው ተስተካክሏል። በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ግን እኔ መጀመሪያ የማየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም መሰል ባትሪ ነው። ሲአር 2032 የምትባለው ይህች የ3 ቮልት ባትሪ ከሞተች፣ መብራት በሄደ ቁጥር የባዮስ ቅንብር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ቢትሎከርም ማሽኑን አላውቀውም ይላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቀኑና ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያገኙታል። ባትሪዋን ይቀይሩ፣ የባዮሱን ቅንብር ወደ ነበረበት ይመልሱ፣ በመልሶ ማግኛ ቁልፉ ይግቡ፤ ከዚያም ከኮንትሮል ፓነል ቢትሎከር ውስጥ «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» ብለው ሪስታርት ካደረጉ በኋላ «ሪዙም» ይበሉ። ይህን ሲያደርጉ ቢትሎከር አዲሱን ሁኔታ እንደ መደበኛ ይቀበለዋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው 48ቱን አሃዝ በየጠዋቱ ሊጽፍ ይችላል።

ዊንዶውስ ከተከፈተ በኋላ የሁለተኛው ድራይቭ ቢትሎከር ብቻ ከሆነ የሚጠይቀው፣ ድራይቩን ከፍተው እዚያው ገጽ ላይ «ተርን ኦን ኦቶ አንሎክ» ይበሉ። ለውስጥ ዲስክ ይህ የሚሠራው ዊንዶውስ ያለበት ድራይቭም በቢትሎከር ከተመሰጠረ ብቻ ነው።

ጥያቄ የሚመስል፣ ጥያቄ ያልሆነ

በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ፎልደርን ራይት ክሊክ አድርገው ከፕሮፐርቲስ ውስጥ ያመሰጠሩ ሰዎች የፋይል ምስጠራ ቁልፍዎን መጠባበቂያ ይያዙ የሚል መልእክት ደጋግሞ ይመጣባቸዋል። ይህ ምስጠራ የራሱ የይለፍ ቃል የለውም፤ ከተጠቃሚው አካውንት ጋር በተያያዘ ሰርተፊኬት ነው የሚሠራው። መልእክቱን ተከትለው ሲሄዱ የሚጠየቁት የይለፍ ቃል እርስዎ አሁን አዲስ የሚፈጥሩት፣ የሚቀመጠውን ቅጂ የሚቆልፍ ነው። አንድ ጊዜ በአግባቡ ያድርጉት፣ መልእክቱ ይቀራል። ሌላ ሰው በአስተዳዳሪነት ገብቶ የአካውንትዎን የይለፍ ቃል በግድ ቢቀይረው ፎልደሮቹ እንደሚዘጉብዎ ግን ይወቁ፤ ያኔ የሚያድንዎት ይኸው ቅጂ ነው።

ኡቡንቱ ለሚጠቀሙ

ኡቡንቱ ላይ ዴስክቶፑ እንደተከፈተ የሚመጣው መስኮት ብዙ ጊዜ ፎልደርን የሚመለከት አይደለም፤ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች የሚጠበቁበት «ሎጊን ኪሪንግ» አልተከፈተም የሚል ነው። የሚከፈተው ተጠቃሚው ሲገባ በሚጽፈው የይለፍ ቃል ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሳይጠይቅ እንዲገባ ከተደረገ የሚከፍተው ነገር ያጣል። ቀላሉ መፍትሔ በራስ-ሰር መግባትን ማጥፋት ነው። የመግቢያ የይለፍ ቃሉ በሌላ መንገድ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ «ፓስወርድስ ኤንድ ኪስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው፣ «ሎጊን» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገው፣ ቃሉን ከአዲሱ ጋር ያመሳስሉ። ባዶ እንዲያደርጉት የሚመክሩ አሉ፤ ያኔ የተቀመጡት ሁሉ ያለ ጥበቃ ይቀራሉ፣ እኔ አልመክርም።

የተመሰጠረ ዲስክ ከሆነ የሚጠይቀው፣ «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው ክፍልፋዩን ይምረጡና በምስጠራ አማራጮቹ ውስጥ ሲስተሙ ሲነሳ እንዲከፈት የሚያደርገውን ምልክት ያንሱ። የተነቀለ የውጭ ዲስክ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከቀረ ኡቡንቱ ሲነሳ 90 ሰከንድ ያህል ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የዘገየ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው መሥራቱን መፈተን

ዊንዶውስ ላይ «ሻት ዳውን» ብለው ሲያጠፉ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ቅንብር ከበራ፣ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከፊሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል። «ሪስታርት» ግን ሁሉን ከመጀመሪያ ያስነሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ይፈትኑ፦ አንድ ጊዜ ሪስታርት፣ አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካዩ ከኮንትሮል ፓነል የኃይል አማራጮች ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉት፤ ምስጠራ ለሚጠቀም ኮምፒውተር ባይኖር ይመረጣል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አይቀይሩ፤ አንድ ቅንብር ቀይሮ መፈተን ጊዜ ቢወስድም የትኛው ጠያቂ እንደነበረ በእርግጠኝነት ያሳውቃል።

በመርካቶው ቢሮ ሦስቱንም አንድ በአንድ አንስተን በየመካከሉ አስነሳነው፤ በአራተኛው ጊዜ ዴስክቶፑ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ። የቀድሞው ሠራተኛ ፋይል ግን አልጠፋም። «ማንም የማይከፍተውን ምን እናደርገዋለን?» ያሉኝ ባለቤቱ ነበሩ፤ እኔ ወደ ውጭ ዲስክ እንዲገለበጥና ቀን እንዲጻፍበት አደረግሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውዬው ከአጋሮ መጥቶ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ እሱንም አልቀበልህ አለው። ራሱን እየነቀነቀ ሁለተኛ ጻፈ፣ ሦስተኛ ጻፈ። በመጨረሻ ፒም እንደሰጠው አስታወሰ፤ ሳጥኑን አብርቶ የልጁን የልደት ዓመት ሲያስገባ «ኤች» ድራይቭ ተከፈተ፤ ያለፈው ዓመት የቡና ርክክብ ደረሰኞች በሙሉ በውስጡ ነበሩ።